ስለ ዐይኔ የጻፍሁልህ ስሕተት

ቮስ፣ ማርች 4 ቀን

ውድ ወንድሜ ኤይሊፍ፣

ጃንዋሪ ዐሥራ አንድ ቀን በላክሁልህ ደብዳቤ፣ በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ፣ «የመተንፈሻ መሣሪያው ዐይኔን እያጠፋው ነው፤ በአንተ ቦታ ብሆን አንድ ሌሊት እንኳ አልጠቀምበትም» የሚል ዐረፍተ ነገር አለ። ይህ ዐረፍተ ነገር ሐሰት ነው። ስጽፈው እውነት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን «ይመስለኛል» አላልሁም፤ «ነው» አልሁ። ይህኛውን የምጽፈው ያንን ለመሻር ነውና እስከ መጨረሻው እንድታነበው እለምንሃለሁ።

በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬአለሁ። ሁለቱን ጊዜ ባለቤትህ ሶልቢዮርግ አንሥታ ወተት ልትሰበስብ እንደ ወጣህ ነገረችኝ። በሦስተኛው አንተው አነሣህ። ገና «ስለዚያ መሣሪያ» ብዬ ስጀምር፣ ነገሩ እንዳለቀ፣ መሣሪያውንም ቆጥ ላይ ከአሮጌ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዎች ጋር እንዳስቀመጥኸው ነግረኸኝ ወደ አጋዘን ሥጋ ወሬ ተሻገርህ። «ተሳስቼአለሁ» ብል ኖሮ ታዳምጠኝ እንደ ነበር አውቃለሁ። ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ። በዕድሜዬ ሙሉ ለአንተ ብዬው አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ሶልቢዮርግ ራሷ ደወለችልኝ። አንተ ከላሞቻችሁ ዘንድ ነበርህ። ደብዳቤዬ በማቀዝቀዣው በር ላይ እንደ ተለጠፈ፣ የመሣሪያውን ጭምብል እንድታደርግ በለመነችህ ቁጥርም በጣትህ እንደምታሳያት ነገረችኝ። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማክሰኞ ዕለት ከላይኛው መንደር ያለው ገበሬ ደውሎላት እንደ ነበር አጫወተችኝ። መኪናህን በሩ ላይ አቁመህ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አገጭህ ደረትህ ላይ ወድቆ አገኘህ። ሦስት ጊዜ መስታወቱን ደበደበ። በሦስተኛው ነቃህ፤ «ሬዲዮ እያዳመጥሁ ነው» አልኸው። ሬዲዮው ግን ጠፍቶ ነበር።

«እኔን አይሰማም» አለችኝ ሶልቢዮርግ። «ሐኪሙንም አይሰማም። የሚሰማው አንተን ነው፤ አንተ ደግሞ ተው ብለህ ጽፈህለታል። ዐሥራ አራት ቶን ወተት ጭኖ ነው ባሕሩ ዳር ዳር የሚሄደው፣ ቶርላይቭ። እንግዲህ አንተው ያመጣኸውን አንተው መልሰው።»

ስልኩን ዘግቼ ወረቀት አወጣሁ።

ሕመሙ እንዴት እንደ ተገኘብን አንተም አልረሳኸውም። ካቻምና ኦክቶበር ለአጋዘን አደን በወጣንበት ጎጆ፣ ጠዋት ምድጃውን እያነደድህ፣ «መምህር፣ ሌሊቱን ዐሥራ አንድ ጊዜ ሞተህ ተነሥተሃል፤ ቆጥሬአለሁ» አልኸኝ። እኔም የአንተን ልቆጥር ጀምሬ እንቅልፍ ስለ ወሰደኝ ከአራት እንዳላለፍሁ ነገርሁህ። አብሮን የነበረው ጎረቤትህ ከሁለታችንም ሸሽቶ መኪናው ውስጥ አደረ። ሳቅን። በሚቀጥለው ወር ግን መኪናህ ከመንገድ ወጥቶ የበርች ዛፎች መካከል ቆሞ ነቃህ። እንዴት እዚያ እንደ ደረስህ አታውቅም ነበር። ለወተት ድርጅቱ አጋዘን ገባብኝ አልህ። አጋዘን እንዳልነበረ የምናውቀው አንተና ሶልቢዮርግ እኔም ነን።

ከዚያ ምርመራው መጣ፤ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻችን እንደሚቆራረጥ ተነገረን። ለአንተ ደግሞ እስክትታከም ድረስ መሪ እንዳትጨብጥ እገዳ ተጨመረ። በአፕሪል ሁለታችንም መሣሪያውን ተቀበልን። በበጋው አንድ ቀን ደውለህ፣ የማታውን ዜና እስከ አየር ትንበያው ድረስ ሳታንቀላፋ እንዳየህ፣ ሶልቢዮርግም ከእንግዳ ክፍሉ ወደ አልጋዋ እንደ ተመለሰች ነገርኸኝ። እኔ ያን ጊዜ «መልካም» ብቻ አልሁህ። የሰጠሁህ መልስ ከነገርኸኝ ነገር ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ።

እናታችን ማታ ማታ ክፍሎቹን ሁሉ እየዞረች መስኮት ትከፍት እንደ ነበር ታስታውሳለህ። የሱፍ ቆብ አድርገን እንተኛ ነበር፤ በብርጭቆ ያስቀመጥነው ውሃ ጠዋት ላዩ ቀጭን በረዶ ይዞ እናገኘው ነበር። መስኮት ዘግቶ መተኛት ለእኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ፊትን ሳይታጠቡ እንደ መተኛት ነበር። የአንተም መኝታ ቤት እንደዚያው እንደ ሆነ ሶልቢዮርግ አረጋግጣልኛለች።

በበጋ ምንም አልነበረም። በዲሴምበር ብርዱ ከዜሮ በታች ዐሥራ አራት ሲደርስ ግን ቱቦው ውስጥ ውሃ ይጠራቀም ጀመር። ከመሣሪያው የሚወጣው አየር በውሃ ሣጥኑ ሞቅና እርጥብ ይላል፤ በበረደው ቱቦ ሲያልፍ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ክዳን ያልበዋል። ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ይንቦጫረቃል፤ ስገላበጥም አፍንጫዬ ላይ ይፈስሳል። ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን መስኮቱን ይዘጋ ነበር። እኔ የውሃ ሣጥኑን ባዶ አድርጌ ማሞቂያውን አጠፋሁት። መስኮቱ እንደ አማራጭ እንኳ አልታየኝም። ደረቁ አየር ደግሞ በጭምብሉ ጠርዝ እያፏጨ ሲወጣ፣ ማሰሪያውን ጉንጬ ላይ ምልክት እስኪያወጣ ድረስ አጠበቅሁት። ለማንም አልነገርሁም፤ ጥሩ መላ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት ስነሣ ዐይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኝ ጀመር። የአካባቢያችንን የታሪክ መጽሔት እኔ እንደማርም ታውቃለህ፤ የዘንድሮው ረቂቅ በጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት እሠራለሁ፤ ከዚያ በኋላ አንዲት መስመር አላነብም፤ ይህ የአርባ ዓመት ልማዴ ነው። ፊደሎቹ ጥላ አወጡ፤ ነጠብጣቡና ሰረዙ ተመሳሰሉብኝ። አዲስ መነጽር ገዛሁ፤ አልረዳኝም። ሌላ አስለወጥሁ፤ ያም አልረዳኝም። አንድ ምሽት ግን፣ ከልማዴ ውጭ፣ ጋዜጣ ላይ፣ በዚህ መሣሪያ በሚተኙ አንዳንድ ሰዎች ዘንድ የዐይን ውስጥ ግፊት ሌሊት ከፍ እንደሚል የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ አየሁ። በምሽት፣ ያለ ችግር፣ ትንንሹን ፊደል እንዳነበብሁት ልብ አላልሁም። «አንዳንድ» የሚለውን ቃልም ዘለልሁት። በማግሥቱ ለአንተ ጻፍሁ። አንተም በገና ሰሞን ጠዋት ጠዋት ዐይንህ እንደሚቆጠቁጥህ ነግረኸኝ ስለ ነበር፣ ደብዳቤዬ ደረቅ ሣር ላይ እንደ ወደቀ እሳት ሆነ።

ይህ ሁሉ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ግን ማንም ይሠራል። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነህ ከሰሜን ከውትድርና ጣቢያ ደብዳቤ ጽፈህልኝ ነበር። ስለ ጨለማው፣ ስለ ናፍቆትህ፣ ስለ አንድ ጓደኛህ መታመም ጽፈሃል። እኔ ያን ጊዜ አዲስ መምህር ነበርሁ። ዐሥራ ሰባት ስሕተቶችን በቀይ እርሳስ አርሜ ደብዳቤህን መልሼ ላክሁልህ፤ ስለ ጓደኛህ አንድም ቃል አልጨመርሁም። ከዚያ ወዲህ አንዲት መስመር ጽፈህልኝ አታውቅም፤ ስልክ ትደውላለህ፣ «መምህር» ትለኛለህ። እኔ ማክበርህ ነው ብዬ ስቀበለው ኖርሁ። ከእኔ እጅ የወጣ ጽሑፍ እንደማይሳሳት ያስተማርሁህ እኔ ነኝ። አሁን ያን ትምህርት ማቀዝቀዣህ ላይ ለጥፈህ እየሞትህበት ነው።

የዐይን ሐኪሙ ቀጠሮ የደረሰኝ በፌብሯሪ መጀመሪያ ነው። ሰውዬው ገና ወጣት ነው፤ ስለ መሣሪያው ሆን ብዬ አልነገርሁትም። ራሱ ያገኘው እንደ ሆነ ልፈትነው ፈልጌ ነበር፤ ይህንንም ከጥፋቶቼ ጋር ደምርልኝ። ዐይኔ ውስጥ ቢጫ ቀለም ጠብ አደረገና በሰማያዊ ብርሃን ብዙ ጊዜ ወስዶ ተመለከተ።

«ሲተኙ ማራገቢያ ወደ ፊትዎ ያዞራሉ?» አለኝ።

«በክረምት? በቮስ?» አልሁት።

«እንግዲህ አንድ ነገር ሌሊቱን ሲነፋብዎት ያድራል። የሁለቱም ዐይንዎ የታችኛው በኩል ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የላይኛው ሽፋንዎም ላልቷል፤ ተኝተው ሳሉ ገርበብ ይላል። ከሰዓት በኋላ አይሻልዎትም?»

«ከሰዓት በኋላ አላነብም።»

«ለምን?»

«አላነብም፤ በቃ።»

ብዕሩን አስቀምጦ አየኝ። በክፍል ውስጥ የቤት ሥራውን ያልሠራን ተማሪ እኔ እንዲሁ እመለከት ነበር። ያን ጊዜ ስለ መሣሪያው ነገርሁት። የዐይኔን ግፊት ለካ፤ ደኅና ነበር። በጋዜጣው ላይ ያየሁት ነገር ፈጠራ እንዳልሆነ፣ ግፊታቸው ከፍ የሚል ሰዎች እንዳሉ፣ ስለዚህም መለካቱ ደግ እንደ ሆነ አስረዳኝ። ነገር ግን የሚቆራረጠው ትንፋሽ ራሱ ሳይታከም ሲቀር ከልብም አልፎ የዐይንን ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል ጨመረልኝ። መሣሪያውን ጥዬ ዐይኔን ላድን ያሰብሁት ሰውዬ ይህን ስሰማ ምን እንደ ተሰማኝ አንተው ገምተው። ከዚያ መሣሪያውንና ጭምብሉን ይዤ የሁለታችንን ሕክምና ወደምትከታተለው ነርስ እንድሄድ አዘዘኝ።

ኦድኒን ታውቃታለህ። ዘጠነኛ ክፍል ሳለች እኔ ነኝ ያስተማርኋት። በዚያን ጊዜም ከሚገባው በላይ ድምፅ ነበራት። ጫማዬን አስወልቃ፣ ቤቴ እንደምተኛው አድርጌ እንድተኛላት ነገረችኝ። ጭምብሉን ለበስሁ፤ ማሰሪያውን እንደ ልማዴ ሳብሁት፤ መሣሪያውን ከፈተችው። የእጅዋን ጀርባ ከዐይኔ በታች አስጠጋች።

«ይኸውና! ቀጥ ብሎ ግራ ዐይንዎ ውስጥ ነው የሚነፋው» አለች። «ማነው እንዲህ ያጠበቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ፈረስ ሊጭኑ ነበር እንዴ? በጠበቀ ቁጥር አፍንጫ ላይ ይነሣና ይከፈታል እኮ። የውሃ ሣጥኑስ ለምን አቧራ ለበሰ?»

ስለ ቱቦው ውሃ ነገርኋት።

«መኝታ ቤትዎ መስኮት ይከፈታል?»

«እንዴታ።»

«ስንት ጣት ያህል?»

«ሙሉውን» አልሁ።

የአልጋውን ብረት ይዛ ሳቀች። ሳቋ ንቀት እንዳልነበረበት እመሰክራለሁ። በየክረምቱ ከመስኮቱ ጋር የተጋባ ሽማግሌ እንደማይጠፋባት፣ አባቷም ከእነርሱ አንዱ እንደ ሆነ ነገረችኝ። ከዚያም አጠገቤ ተቀምጣ፣ «መምህር፣ ማሽኑ ዐይንዎን አላጠፋም። ውሃውን ይመልሱ፣ ማሰሪያውን ያላሉ፣ መስኮቱን ይዝጉ» አለችኝ። መዝጋቱ እምቢ ካለኝ ቱቦውን ብርድ ልብስ ውስጥ እንዳሳልፈው ወይም የሱፍ ሽፋን እንዳለብሰው መከረችኝ። አነስ ያለ ጭምብል መርጣ ሰጠችኝ። የዐይን ጠብታውን ሐኪሙ አስቀድሞ አዝዞልኝ ነበር።

ልወጣ ስል ስለ አንተ ጠየቀችኝ። «ኤይሊፍስ? እሱ እየተጠቀመ ነው?» አለች። እኔም «ደኅና ነው» አልሁ። ይህ ሁለተኛው የሐሰት ዐረፍተ ነገሬ ነው። መሣሪያው የተጠቀምህበትን ሰዓት መዝግቦ እንደሚይዝ፣ በሜይ ምርመራ ሲነበብም የመንጃ ፈቃድህ ነገር እንደሚነሣ አውቅ ነበር፤ አሳልፌ የሰጠሁህ እንዳይመስልህ ዋሸሁ። ሜይ ግን ገና ሩቅ ነው፤ መንገዱ ደግሞ በየጧቱ አለ።

መስኮቱን ዘጋሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች እናታችን በሩ ላይ ቆማ የምታየኝ ያህል አፈርሁ። በስድስተኛው ቀን አሸዋው ጠፋ። ዛሬ ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ በፊተኛው መነጽሬ ረቂቁን እያነበብሁ ነው፤ ነጠብጣቡ ነጠብጣብ፣ ሰረዙም ሰረዝ ነው። የሁሉም ሰው ዐይን እንደ እኔ ነው አልልህም፤ እንደዚያ ብሎ መጻፍ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። የአንተን የሚያውቀው የአንተን የመረመረ ሰው ብቻ ነው። ለዚህም ከዐይን ሐኪሙ ዘንድ በስምህ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፤ ማርች ሃያ ሦስት ቀን ሰኞ ነው፤ ሶልቢዮርግ ታመጣሃለች።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ መዘግየቴን ምን ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። እርግጠኛ እስክሆን ጠብቄ ነው ልልህ እችላለሁ፤ ከፊሉም እውነት ነው። የቀረው ግን በአንተ ፊት ትንሽ ሆኖ መታየትን መፍራት ነው። በዚያ ሦስት ሳምንት ውስጥ መስታወቱን የሚደበድብ ገበሬ ባይኖርና አንድ መታጠፊያ ብቻ ቢኖር ኖሮ፣ ይህን ደብዳቤ ለማን እጽፈው ነበር?

አሁን የምለምንህን ልንገርህ። ይህን ወረቀት በፊተኛው ላይ ለጥፈው፤ በዚህኛውም ላይ ፈርሜአለሁና። መሣሪያውን ከቆጥ አውርደው። ጭምብሉን ሶልቢዮርግ ታልብስህ፤ አየሩ ወደ ዐይንህ የሚወጣ እንደ ሆነ በእጅዋ ጀርባ ትዳስሰው። ለወተት ድርጅቱም ደውለህ፣ ያለ ሐኪም ማስረጃ፣ በራስ ቃል ብቻ የሚሰጠውን የሕመም ፈቃድ ውሰድ። በአርባ ዓመት ሥራ አንድም ቀን እንዳልወሰድህ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቅህም። ከበሽታው ይልቅ የሚያሳፍርህ ፈቃድ መውሰዱ ከሆነ፣ ወንድሜ ታሞ ነበር፤ ወደ እኔ ይመጣል በላቸው፤ ሐሰት አይሆንም።

እመጣለሁና። ደብዳቤው ሰኞ ይደርስሃል። ሐሙስ ማርች ዐሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከቫንግስነስ ተነሥቶ ረፋዱ ላይ በአምስት ሰዓት ከሩብ ሄላ በሚደርሰው መርከብ ላይ እሆናለሁ። በመካከሉ ዐሥር ሌሊት አለ። ዐሥሩንም ጭምብሉን አድርገህ የተኛህ እንደ ሆነ፣ መኪናህን ይዘህ ወደቡ ላይ ጠብቀኝ፤ አጠገብህ ተቀምጬ እስከ ቤትህ ስለ አነዳድህ አንዲት ቃል አልናገርም። አንዱን ሌሊት እንኳ ያለ ጭምብል የተኛህ እንደ ሆነ ግን አትምጣ። ቤትህ ተቀመጥ። አምስቱን ኪሎ ሜትር በእግሬ እመጣለሁ፤ አልቀየምህም፤ ቆጡ ላይም አብረን እንወጣለን። ከዚያ በኋላ ግን ለኦድኒ ደውዬ የነገርኋትን አርማለሁ፤ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ የወደድሁት ከጀርባህ እንዳይሆን ነው። እኔን ደስ ለማሰኘት ብለህ ብቻ አትምጣ።

መርከቢቱ ወደ ሄላ ስትጠጋ ከፊተኛው መደገፊያ ብረት አጠገብ ቆሜ ወደቡን እመለከታለሁ። መኪናህን ከሩቅ እለየዋለሁ።

የተሳሳተው ታላቅ ወንድምህ፣
ቶርላይቭ